ክረምቱን ያልተሻገረው ወረቀት፦ የመለዋወጫ መጋዘናችን ባር ኮድ ሲገባበት

ጅማ ውስጥ ጀንፈል ቡና ፈልፍሎ በሚያበጥር ድርጅት የጥገና ክፍሉን እመራለሁ። የመለዋወጫ መጋዘናችንንና የጥገና ሥራችንን በአንድ ሶፍትዌር አገናኝተን ባር ኮድ ስናስገባ የሦስት ቀን ሥልጠና ተሰጥቶን ነበር። በሦስቱም ቀን ስለ ሌብል፣ ባር ኮዱ ታትሞበት ዕቃው ላይ ስለሚለጠፈው ወረቀት፣ የተነሣ ነገር የለም። እኔን ያቃጠለኝ ደግሞ እሱ ነው።

ሌላው ሥራ ያን ያህል አላስቸገረንም። ለየማሽኑ ቁጥር ሰጠን፣ መደርደሪያዎቹን አድራሻ አወጣንላቸው፣ የየዕቃው ገቢና ወጪ በእጅ የሚጻፍበትን የቢን ካርድ ቀሪ ወደ ኮምፒውተር ገለበጥን። ባር ኮዱን የሚያነበው ስካነር ብቻ ግማሽ ቀን በላብን። ስካነር ለኮምፒውተሩ ኪቦርድ ማለት ነው፤ ያነበበውን እንደ ጣት ይመታል። የአማርኛ መጻፊያው በርቶ ስለነበር የላቲን ፊደል ያለበትን ኮድ በእኛው ፊደል ይጽፈዋል፣ ሶፍትዌሩም እንዲህ ያለ ዕቃ የለም ይላል። እኛ ስካነሩ ተበላሸ ብለን ገመድ ስንነቅል ስንሰካ ዋልን። ስለዚህ ኮዳችሁን በቁጥር ብቻ አድርጉት፤ በዜሮም አታስጀምሩት፣ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ ይውጠዋል።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። የሌብል ማተሚያ ሁለት ዓይነት አሠራር አለው። አንደኛው ቀለም የለውም፤ ወረቀቱ ራሱ ሙቀት ሲነካው የሚጠቁር ቅብ አለው። የሱቅ ደረሰኝ የሚታተመው በዚህ ነው። ሁለተኛው ሪባን ከሚባለው ቀለም የተቀባ ጥቅል ላይ ቀለሙን በሙቀት አቅልጦ ሌብሉ ላይ ያሳርፋል። ሻጩ ሪባን ስለማይፈልግ ይረክስላችኋል ብሎ የመጀመሪያውን ሰጠን። ዋጋው በእርግጥ ረከሰ። ግን ሌብሉ የት እንደሚለጠፍ አልጠየቀም። ግሪስ፣ የቡና ገለባ ብናኝና እርጥበት ያለበት ቤት መሆኑን እኔም አልነገርኩትም።

ግምጃ ቤቱን ለረጅም ዓመታት የያዙት ጋሼ የመጀመሪያውን ሌብል ተቀብለው ግሪስ የነካ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበትና፣ “ልጄ፣ ይህ ወረቀት የጅማን ክረምት አይሻገርም” አሉኝ። እኔ ከሥልጠና መምጣቴ ነው፤ “ግድ የለም ጋሼ፣ ኮምፒውተሩ ያውቀዋል” አልኳቸው። ይህን መልሴን ባስታወስኩ ቁጥር አፍራለሁ።

ሰኔ ላይ ለጠፍን። መስከረም ላይ መጋዘኑን ስንፈትሽ ግሪስ የነካቸው ሌብሎች ነጭ ሆነዋል፣ መስኮት አጠገብ የነበሩት ደብዝዘዋል፣ የቀሩትም ጠርዛቸው ተጠቅልሏል። ስካነሩ ቀይ መብራቱን ያበራል እንጂ ድምፅ አያሰማም። እዚያ ላይ ሥራውን ማቆም ነበረብኝ። የቆጠራ ሪፖርት ለቢሮ የማድረሻው ቀን ስለ ቀረበ ግን ከዝርዝሩ ላይ እንደገና አሳትሜ፣ በሁለት ቀን ውስጥ በቀን ሠራተኞች አስለጠፍኩ። ማንም ዕቃውን አልለካም። ይህን ያዘዝኩት እኔ ነኝ።

ጥር ላይ ግቢው በጀንፈል ተሞልቶ ሳለ የመፈልፈያው ኩሽኔታ፣ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ባለ ኳስ ቀለበት፣ ሌሊት ይጮህ ጀመር። የምንፈልገው የመለያ ቁጥሩ 6205 የሆነውን ነው። መካኒኩ የሥራ ትዕዛዙን ከፈተ፣ ጥቅሉን ስካን አደረገ፣ ስካነሩ ጮኸ፣ ሶፍትዌሩም ከቀሪው ላይ አንድ ቀነሰ። የቅባት ወረቀቱን ሲፈታው ኩሽኔታው ዘንጉ ላይ ልክክ አለ፤ ማሽኑ ላይ ያለው ማቀፊያው ውስጥ ግን አልገባ አለ። ሳይለካ የ6205 ሌብል የተለጠፈበት 6305 ነበር። የሁለቱም የውስጥ ቀዳዳ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ የውጭ ስፋታቸው ግን የአንዱ 52፣ የሌላው 62 ነው። ውፍረታቸውም 15 እና 17። በቅባት ወረቀት ተጠቅልለው መደርደሪያ ላይ ሲቀመጡ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። ሶፍትዌሩ አራት 6205 አለ ይላል፤ የትኛው ጥቅል ውስጥ እንዳለ የሚያውቅ የለም። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ከጋሼ ጋር መሬት ላይ ተቀምጠን፣ በእጅ ባትሪ እያበራን፣ ጥቅሎቹን አንድ በአንድ እየፈታን ቀለበቱ ላይ የተቀረጸውን ቁጥር አነበብን። እሳቸው አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። እኔን የከበደኝ ይሄ ነው።

አሁን የምንሠራው በሪባን፣ በፕላስቲክ ሌብል ላይ ነው። ወረቀት ከመግዛታችሁ በፊት በጥፍራችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ጫሩት፤ የጠቆረ መስመር ከተወ ያ የደረሰኙ ዓይነት ነው፣ ለመለዋወጫ መጋዘን አትውሰዱት። ከኮዱ ግራና ቀኝ ያለውን ነጭ ቦታም ወረቀት ለመቆጠብ ብላችሁ አትቁረጡ። የቀጭኑን መስመር አሥር እጥፍ ያህል ባዶ ካልተተወለት ስካነሩ መጀመሪያና መጨረሻውን አይለይም።

አሠልጣኙ በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ ለጥፉ ብሎን ነበር። እኔ አትለጥፉ እላለሁ። ኩሽኔታም ሆነ ቺንጋ ግሪስና አቧራ አያጣውም። ኮዱን መደርደሪያው ላይ ለጥፉ፤ ዕቃው ወደ መደርደሪያው ሲገባ ደግሞ ብረቱ ላይ ያለው ቁጥር ይነበብ።

ኦዲተሩ አሁንም በሶፍትዌሩ ብቻ የተመዘገበ የዕቃ ወጪ አይቀበለኝም። በእጅ የተሞላና የተፈረመ ሞዴል 22፣ የዕቃ ወጪ ማድረጊያውን ቅጽ፣ ካላየ ዕቃው አልወጣም ባይ ነው። አንድ ኩሽኔታ ለማውጣት ሁለት ጊዜ መጻፍ ያናድዳል፤ ብከራከርም አልሆነልኝም። አሁን የሞዴሉን ተከታታይ ቁጥር ሶፍትዌሩ ውስጥ እናስገባለን፣ ሁለቱ በዚያ ይገናኛሉ። ጋሼ ደግሞ ካሊፐር የሚባለውን የስፋትና የውፍረት መለኪያ በገመድ አስረው መጋዘኑ በር ላይ ሰቅለዋል። ሳይለካ የሚገባ ኩሽኔታ የለም፤ እኔ ራሴ ይዤ ብመጣም ይለኩታል።