ከ4 ተነስቶ ዜሮ መድረስ፦ ትልቅ ብቸኛ ቁጥር እንዴት ይፈተሻል?

በኦክቶበር 2024 ይፋ የሆነው ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው)፣ 2 ፓወር 136,279,841 ሲቀነስ 1፣ 41,024,320 አሃዝ አለው። በአንድ ገጽ 3,000 አሃዝ ቢታተም ከ13,600 ገጽ በላይ ይፈጃል። አካፋይ እየሞከሩ እዚያ መድረስ አይታሰብም። የተደረሰበት ቅርጹ ልዩ ስለሆነ ነው። እንዲህ ያሉት የሜርሴን ቁጥሮች ይባላሉ፣ የሉካስ–ሌህመር የሚባል የራሳቸው መፈተሻ አላቸው። ለትንሾቹ እርሳስና ወረቀት ይበቃል፤ ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ መብራት በጠፋበት ማታ በሻማ ይሠራል።

127ን እንውሰድ፤ 2 ፓወር 7 ሲቀነስ 1 ነው። ከ4 ተነሱ። በራሱ አባዙት፣ 2 ቀንሱ፣ ለ127 ሲካፈል የሚተርፈውን ብቻ ያዙ። ይህን 5 ጊዜ ደጋግሙ፤ ከ7 ላይ 2 ተቀንሶ ነው 5 የመጣው። መጨረሻው ዜሮ ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው።

4 መጀመሪያ 14 ይሆናል፣ ቀጥሎ 194፤ ቀሪው 67። 67 በራሱ ተባዝቶ 2 ሲቀነስ 4487። እዚህ ላይ ለ127 ማካፈል አያስፈልግም። በ4487 ውስጥ 128 ሠላሳ አምስት ጊዜ ይገኛል፣ 7 ይተርፋል፤ 35 እና 7 ሲደመሩ 42፣ ቀሪው እሱ ነው። 128 ከ127 በአንድ ብቻ ስለሚበልጥ እያንዳንዱ 128 አንድ ይተዋል። ለኮምፒውተር ደግሞ ለ128 ማካፈል ማለት ቢቶቹን (የ0 እና የ1 አሃዞቹን) ሰባተኛው ላይ መቁረጥ ብቻ ነው። የዘዴው ውበት ሁሉ እዚህ ላይ ነው!

ከ42 ወደ 1762፤ 13 ሲደመር 98፣ 111። ከ111 ወደ 12319፤ 96 ሲደመር 31፣ 127። ብዙ ሰው ኮድ ሲጽፍ የሚሳሳተው እዚች ጋ ነው። መደመሩ ዜሮን በፍጹም አይሰጥም፣ የሚሰጠው 127ን ራሱን ነው። «127 ከሆነ ዜሮ በል» የምትለዋ መስመር ከተረሳች ፕሮግራሙ አንድም ብቸኛ ቁጥር አያገኝም። ሌላው ስህተት የቦታ ጥበት ነው፦ የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በ1772 ብቸኛነቱን ያረጋገጠው 2,147,483,647 (2 ፓወር 31 ሲቀነስ 1) በ32 ቢት ልክ ይገባል፣ ሲባዛ ግን 64 ቢት ይፈልጋል።

ፓወሩ ራሱ ብቸኛ ካልሆነ መድከም አያስፈልግም። ብቸኛ መሆኑም ብቻውን አይበቃም፤ በ11 የሚመጣው 2047 የ23 እና የ89 ብዜት ነው። ከሁለቱም 1 ሲቀነስ ለ22፣ ማለትም ለ11 እጥፍ፣ ይካፈላል፤ ማንኛውም አካፋይ ይህን ሕግ ስለሚከተል መጀመሪያ በዚህ ማጣራት ብዙ ሰዓት ያድናል። ዜሮ አለመምጣቱ አካፋዩን አይነግርም። ሉካስ በ1876 2 ፓወር 67 ሲቀነስ 1 ብቸኛ አለመሆኑን አሳየ፤ አካፋዮቹን 193,707,721ን እና ጓደኛውን 761,838,257,287ን የሒሳብ ሊቁ ኮል ያወጣው በ1903 ነው።

ሰዓታት የሚፈጅ ፍተሻ ስታስኬዱ የዙሩን ቁጥርና ቀሪውን በየጥቂት ደቂቃው አስቀምጡ። አሮጌው ፋይል ላይ ግን አትጻፉ፤ በመሃል መብራት ከሄደ ሁለቱንም ታጣላችሁ። ፕሮግራሙ አዲስ ፋይል ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ስሙን በአሮጌው ስም ይቀይር።