«ኦሮማይ»ን ለአጎቴ ሳነብላቸው

የበዓሉ ግርማን ልብ ወለድ «ኦሮማይ» መጀመሪያ ያነበብኩት በሁለት ሌሊት ነው። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ፤ መጽሐፉን ያዋሰችኝ ልጅ ሰኞ ጠዋት እንድመልስላት አስጠንቅቃኛለች። ከጋዜጠኛው ከፀጋዬ ኃይለማርያም ጋር አስመራ ገባሁ፤ አዲስ አበባ ለቀረችው እጮኛው ለሮማን አዘንኩ፤ አስመራ ላይ ያፈቀራትን ፊያሜታን ጠላኋት፣ ወደድኳት፣ መልሼ ጠረጠርኳት። ስብሰባና የዘመቻ ትንተና ያለባቸውን ገጾች እየዘለልኩ አለፍኩ። ልቤ የተሰቀለው በሁለት ጥያቄ ላይ ብቻ ነበር፦ ፍቅሩ የት ይደርሳል? መሀላቸው የተሰወረው ሰላይ ማን ነው? ሰኞ ጠዋት መጽሐፉን ስመልስ ዓይኔ በልቅሶ አብጦ ነበር። በሚገባ ያነበብኩት መስሎኝ ዓመታት አለፉ።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ግን ይህንኑ ለአጎቴ ነገርኳቸው። አጎቴ ደርግ በኤርትራ ባካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ጊዜ በናቅፋ ግንባር የሬዲዮ መገናኛ ሠራተኛ ነበሩ። «ናቅፋን እንዴት አድርጎ ጻፈው?» አሉኝ። ዝም አልኩ። «ሰሜኑን፣ ተራራውን እንዴት ነው የሚያሳየው?» አሁንም መልስ የለኝም። ስለ ፊያሜታ ፀጉር ግን አንድ ሰዓት ማውራት እችል ነበር። አልተቆጡኝም። «ዓይኔ ባይደክም ራሴ አነበው ነበር» ብቻ አሉ። «እኔ አነብልዎታለሁ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ሁለተኛው ንባብ እንዲህ ተጀመረ፤ በየቅዳሜው፣ ከቡና በኋላ፣ ከሁለት ወር በላይ።

ከመጀመሬ በፊት ደብተርና ካርታ አዘጋጀሁ። ካርታው ላይ ከአስመራ ተነሥቼ ወደ ሰሜን ከረንን፣ አፍዓበትን፣ ከዚያም በሳህል ተራሮች መካከል ናቅፋን በእርሳስ አከበብኩ። ደብተሩ ላይ የዘመቻውን መነሻ ጻፍኩ፦ ጥር 1974። ደርግ በዚያ ዘመቻ ናቅፋን ይዞ የኤርትራን ጦርነት ሊፈጽም አስቦ ነበር፤ ናቅፋ ግን ሳትያዝ ቀረች። ይህን አስቀድሜ ማወቄ ንባቡን ፈጽሞ ለወጠው። ተማሪ ሳለሁ የዘለልኳቸው ስብሰባዎች አሁን አንጀት የሚበሉ ሆኑ። ሰዎቹ በሙሉ ልብ የሚያቅዱት ነገር እንደማይሆን እኔና አጎቴ እናውቃለን፤ እነሱ አያውቁም።

መጀመሪያ ላይ ትልቅ ስሕተት ሠራሁ። በየአንቀጹ እየቆምኩ «ይህ እውነት ነው? ይህስ በእርግጥ ተደርጓል?» እያልኩ አጎቴን እንደ ምስክር እጠይቃቸው ጀመር። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ «አንቺ ልጅ፣ አንብቢ እንጂ! ሰውየው ታሪክ እያወራን ነው» አሉኝ። ልክ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ምዕራፉን ሳላቋርጥ እጨርስና ኋላ ላይ ብቻ ወደ ደብተሬ እመለሳለሁ። በአንድ በኩል በታሪክ የሚታወቀውን፣ በሌላው ደራሲው የፈጠረውን እጽፋለሁ፤ ያልለየሁትን ደግሞ «ጋሼ ይጠየቁ» በሚል ርእስ ሥር አኖራለሁ። ታሪካዊ ልብ ወለድን ከታሪክ ጋር ማመሳከር ተገቢ ነው፤ ንባቡን እየቆራረጡ ሲሆን ግን ሁለቱም ያመልጣሉ።

ጮክ ብሎ ማንበብ ያስተማረኝን ምንም ዓይነት ማስታወሻ አያስተምረኝም ነበር። አፍ እንደ ዓይን መዝለል አይችልም። ደግሞ አድማጭ አለ። ተኩስ ያለበት ገጽ ላይ ስደርስ የአጎቴን ፊት በስጋት አይ ነበር፤ እሳቸው ግን በእርጋታ ያዳምጣሉ። ያስቆሙኝ እኔ ባልጠበቅኩት ቦታ ነው። የአስመራን የምሽት ሕይወት፣ ሰው በብርሃን ውስጥ ተቀምጦ የሚጫወትበትን ስፍራ ሳነብ እጃቸውን አነሡ። «እኛ ተራራው ላይ ሳለን ከተማው እንዲህ ነበር» አሉ። ቂም አልነበረበትም፤ ናፍቆት ነበር። «ሌሊት ሬዲዮው ጆሮዬ ላይ ሆኖ፣ ብርዱ ጣቴን አድርቆት፣ የማስበው የአስመራን ማኪያቶ ነበር።» ያን ቀን ከዚያ በላይ አላነበብንም።

ምስጢሩን በተመለከተ፣ መጨረሻውን ማወቄ ጣዕሙን ያጠፋዋል ብዬ ፈርቼ ነበር። አላጠፋውም። በመጀመሪያው ንባብ ሰላዩን ለማግኘት እሮጣለሁ፤ በሁለተኛው ግን ማን ጥያቄ እንደሚያበዛ፣ ማን ስለ ራሱ ሲጠየቅ ወሬ እንደሚቀይር አስተዋልኩ። በጦርነት ውስጥ ጥርጣሬ እንዴት ከቢሮ ወደ ምግብ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ወደ አልጋ እንደሚገባ የገባኝ ያኔ ነው።

ፊያሜታንም በዚያው ሰሞን እንደ አዲስ ተዋወቅኳት። ወላጆችዋ ከከረን የሆኑ አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። ፊያሜታ የሰው እጮኛ የነጠቀች ሴት ናት ስላት አዘነችብኝ። «እሷ ከሁለቱም ወገን የምትጠረጠር የከተማ ልጅ ናት» አለችኝ። «አክስቶቼ እንደዚያ ነበሩ። ወታደር ሰላም ካሉ ለአንዱ ከዳተኛ፣ ሰላም ካላሉ ለሌላው ጠላት።» ይህች ባልደረባዬ አጎቷን ያጣችው በዚያው በሳህል ተራራ፣ ከአጎቴ ምሽግ ማዶ ነው። የጦርነት ፍቅር የሚተረክበትን መጽሐፍ ከማዶው ወገን ከሆነ ሰው ጋር ሳልነጋገር አንብቤ ጨረስኩ ማለት ከዚያ ወዲህ አልደፍርም።

ለእኔ ብርታት የሆነኝ ግን ከገጸ ባሕርያቱ ይልቅ የመጽሐፉ የራሱ ዕጣ ነው። «ኦሮማይ» በ1975 ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ። በዓሉ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከነበረው ከፍተኛ ሥልጣን ተነሣ፤ በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ ላይ ቆማ ተገኘች፤ እሱ አልተገኘም። ያየውን ያህል ለመጻፍ ምን እንደ ከፈለ ሳስብ፣ ያኔ የዘለልኳቸው ገጾች ያሳፍሩኛል።

አሁን ሌላ የጦርነት ዘመን ልብ ወለድ ስጀምር በቅድሚያ የዘመኑን ታሪክ አነባለሁ። ስለ ጣልያን ወረራ ዘመን የተጻፈ ልብ ወለድ ከመያዜ በፊት የአርበኛዋን የከበደች ሥዩምን ሕይወት አነበብኩ። ባልዋ ደጃዝማች አበራ ካሳ በታኅሣሥ 1929 ፍቼ ላይ እጃቸውን ከሰጡ በኋላ በጣልያኖች ተገደሉ፤ እሷ ሐዘንዋን ይዛ ጦር መርታ ተዋጋች። ከዚህ በኋላ ጀግናዋን በእንባ ብቻ የሚያሳየኝ ልብ ወለድ አያጠግበኝም።

የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበብኩላቸው በዝናብ ቀን ነበር። «ኦሮማይ» ከጣልያንኛ መጥቶ በአስመራ ሰው አፍ የቆየ ቃል ነው፤ «በቃ፣ አለቀ» እንደ ማለት። መጽሐፉን ስዘጋ አጎቴ ብዙ ጊዜ አልተናገሩም። ከዚያ «ያ ደብተርሽ ቦታ ተርፎታል?» አሉኝ። የአራት ጓደኞቻቸውን ስም፣ የትውልድ አገራቸውንና የወደቁበትን ቦታ እየነገሩኝ ጻፍኩ። የአምስተኛው ስም ጠፋባቸው። የደብረ ብርሃን ልጅ መሆኑንና ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍን እንደነበር ብቻ ነገሩኝ። እሱንም ጻፍኩት።