ፋኑ ግን ይዞራል

ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚወስደው መንገድ ላይ ኮፈን ከፍቶ የቆመ ሰው ብቻውን አይቀርም። እኔም አልቀረሁም። በፈረንጆቹ 1997 የተሠራችው ኮሮላዬ ቴምፕሬቸሯ ቀዩን ነክቶ፣ ከአፍንጫዋ እንፋሎት እያወጣች ጥግ ስትይዝ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ስድስት መካኒኮች ከበቡኝ። አንዱ ሎተሪ አዟሪ፣ አንዱ የታክሲ ተራ አስከባሪ፣ ሁለቱ ታክሲ የሚጠብቁ ተማሪዎች ናቸው፤ የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሆኑ እስካሁን አላወቅኩም። ስድስቱም አንገታቸውን አስግገው የሞተሩን ውሃ ከሚያበርደው ራዲያተር ኋላ ያለውን ፋን አዩና «ፋኑ ይዞራል፤ ፋኑ ደህና ነው» ብለው ፈረዱ።

ይህችን ነገር ያዙልኝ። ሦስት ሳምንት ያስለፋችኝ እሷ ናት።

ተራ አስከባሪው በሃይላንድ ውሃ ይዞ «ሞተሩ ላይ እንድፋበት» ሲል ሮጬ ያዝኩት። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከፈሰሰ አሉሚኒየሙ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ድንገት ይኮማተርና ይጣመማል፣ ሲብስም ይሰነጠቃል። እኔ ከሃይላንዱ ጋር ስታገል ግን ከኋላዬ አንደኛው ተማሪ እጁን በሹራቡ ጠቅልሎ የራዲያተሩን ክዳን ሩብ ዙር አዞረው። ፍልውሃ ድረስ መሄድ ሳያስፈልገን ፍልውሃ ራሱ መጣልን። ደግነቱ ሁሉም ሯጭ ነው፣ ማንም አልተቃጠለም።

ያ ሁሉ ውሃ ለምን ተተኮሰ? አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ይፈላል። ሞተር በደህናው ቀን 90 አካባቢ ይሠራል። ውሃውን ሳይፈላ የሚያቆየው ክዳኑ ነው፤ ላዩ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፣ የሚይዘው ግፊት ማለት ነው። በ0.9 ክዳን ውሃው እኛ ከተማ ውስጥም ከ110 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ይቆያል። በጋለበት ከተከፈተ ግን ግፊቱ ይለቅና በአንዴ ፈልቶ ይወጣል። ስለዚህ የላይኛው ማኒኮቶ (ከሞተሩ ወደ ራዲያተሩ የሚገባው የጎማ ቱቦ) በእጅ ሲጨመቅ ለስልሶ እስኪገኝ መጠበቅ ነው፤ ግማሽ ሰዓትም ይሁን ከዚያ በላይ። የክዳኑ ጎማ ከደረቀም መጀመሪያ የሚቀየረው እሱ ነው። ቀየርኩት። ሞቀች።

እዚህ ላይ ቁጭ ብዬ ማሰብ ነበረብኝ። የሚሞቅ መኪና መቼ እንደሚሞቅ ከነገረህ ግማሹን ነግሮሃል። ቆሞ ሞቆ ሲሄድ የሚበርድ ከሆነ ችግሩ አየር ነው፣ ማለትም ፋን። ዳገት ላይና ረጅም መንገድ ላይ የሚሞቅ ከሆነ የውሃ ዝውውር ነው፤ የተደፈነ ራዲያተር ወይም የደከመ ፓምፕ። የኔዋ ግን ቆማ ትንሽ ትሞቃለች፣ በ40 ስታዘግም ይብስባታል፣ ቀለበት መንገድ ላይ በ80 ስትሄድ ምንም የላትም። እንዲህ ያለ ጠባይ የሰማ መካኒክ አላገኘሁም። ከወር በፊት ፋኗ አልነሳ ብሎ ኤሌትሪሻን ዘንድ ወስጃት፣ ሁለት ሽቦ ስቦ ከክሩስኮቱ ሥር ማብሪያ ማጥፊያ ተክሎልኝ ነበር፤ «ዳይሬክት» ይሉታል። እንደጫንኩት ፋኑ እየጮኸ ይዞራል። ስለዚህ ፋን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር በነፃ ተሰናበተ።

መካኒኩ ገና ኮፈኑ ሳይከፈት «ቴስታታው ይነሳ» አለ። ጓርኒሲዮኑ (ከቴስታታው ሥር ያለው ማሸጊያ) ተቃጥሏል ባይ ነው። ቴስታታ ማንሳት ግን ጥርስ እንደመንቀል ነው፤ ዝም ብሎ አይጀመርም። ማታ አሳድሬያት ጠዋት በብርዷ ክዳኑን ከፈትኩና አስነሳኋት፦ ጓርኒሲዮን ከተበላ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ውሃው ውስጥ ሳያቋርጥ አረፋ ይፈላል። የለም። የዘይት መለኪያውን አወጣሁ፦ ውሃ የገባበት ዘይት ማኪያቶ ይመስላል። የኔ ያረጀ ቢሆንም ጥቁር ቡና ነው። ካንዴላዎቹ ደረቅ ናቸው፣ በማርሚታው በኩል ነጭ ጭስ አይወጣም። ቴስታታው ባለበት ይቆይ።

ውሃው ሲገለበጥ የወጣው ግን ጠላ ነው። የቀድሞው ባለቤት ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ሲሞላባት ኖሯል፤ የቧንቧ ውሃ ዝገትና ዝቃጭ ትቶ የራዲያተሩን ቀጫጭን መስመሮች ይደፍናል። አሳጠብኩት። የቴርሞስታቱ (ውሃው እስኪሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚወስደውን መንገድ የሚዘጋው በር) ቤት ሲፈታ ደግሞ ውስጡ ባዶ ነው፤ ነቅለው ጥለውታል። «እኛ አገር ቴርሞስታት አያስፈልግም» የሚለውን ብሂል ያወጣው ሰው ሐምሌ ላይ ጠዋት ከመኪናው ማሞቂያ ሙቀት ፈልጎ አያውቅም። ያለ ቴርሞስታት ሞተሩ ቶሎ አይሞቅም፣ ቤንዚን ይበላል፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ደግሞ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ በአቋራጭ ይመለሳልና ጭራሽ ያሞቃል።

አዲስ ገዛሁ። ከመግጠም በፊት መፈተን ደግ ነው፦ ድስት ውስጥ ታችኛውን ወለል እንዳይነካ በክር አንጠልጥሎ፣ አጠገቡ ቴርሞሜትር ማድረግ። 82 የሚል ከሆነ በዚያ አካባቢ መከፈት ይጀምራል፤ 95 ላይ 8 ሚሊሜትር ያህል ከፍቶ ይጨርሳል። በኛ ከተማ ውሃው ከ92 ስለማያልፍ ሙሉውን መከፈት አታዩትም፣ መጀመሩ ይበቃል። እናቴ ከኋላዬ መጥታ «አንተ ልጅ፣ በሽሮ ድስቴ ምንድን ነው የምትቀቅለው?» አለች። «ቴርሞስታት ነው እማዬ፣ አዲስ ነው፣ ንፁህ ነው»። ድስቱ ከዚያ ቀን ጀምሮ የኔ ነው።

የቴርሞስታቱን ትንሿን የአየር መተንፈሻ ወደ ላይ አድርጌ ገጠምኩ። ግማሽ ኩላንት ግማሽ የተጣራ ውሃ፣ 5 ሊትር ተኩል ገደማ ገባ። አየር እንዳይቀር አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁሜ፣ የውስጡን ማሞቂያ እስከ ጥግ ከፍቼ፣ ክዳን ሳልከድን አስነስቼ ጠበቅኩ። አሁንም ሞቀች። ዋተር ፓምፑንም ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ቀየርኩ። የወጣው ፓምፕ አያንጠባጥብ፣ አያጫውት፣ ምላሱ አልተበላ፤ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

የፍርዱ ቀን መገናኛ መብራት ላይ ነው። ቴምፕሬቸሩ መውጣት ሲጀምር ማሞቂያውን ሙሉ ከፈትኩ፤ ማሞቂያ ትንሽ ራዲያተር ነውና ከሞተሩ ሙቀት ይቀንሳል። የቀነሰውን እኔ ላይ ያመጣዋል። በቀትር ፀሐይ ላብ አጠመቀኝና ከሚያዞረው ልጅ ሶፍት ገዛሁ። ጥግ ይዤ፣ ሞተሩ እየሠራ ወርጄ፣ ኮፈኑን ልከፍት ስል አንዱን ሶፍት ግሪሉ ላይ አስደገፍኩት።

ተነሥቶ ፊቴ ላይ ተለጠፈ።

መልሼ አስጠጋሁት። መልሶ በረረ። ልጁ አየት አደረገኝና «ጋሼ፣ እሷም ጉንፋን ይዟታል መሰለኝ፤ ሌላ ሶፍት ልስጥህ?» አለኝ።

ከራዲያተሩ ኋላ ያለ ፋን አየር ከፊት ይስባል፤ ሶፍቱ ግሪሉ ላይ ተጣብቆ መቅረት አለበት። የኔዋ ወደ ፊት ትተፋለች። ፋኑ በቀጥታ ጅረት የሚሠራ ሞተር ስለሆነ ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ ከተቀያየሩ ወደ ኋላ ይዞራል። ስትቆም የሞተሩን ትኩስ አየር መልሶ ለራዲያተሩ ያጠጣል፤ በ40 ስትሄድ ከፊት የሚመጣው ነፋስና ፋኑ ግንባር ለግንባር ገጥመው ይሰረዛሉ፤ በ80 ነፋሱ ያሸንፋል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ነግራኛለች።

ሶኬቱ ላይ ሁለቱን ሽቦዎች ማገላበጥ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ሶፍቱ ተለጠፈ፣ ቴምፕሬቸሩም ከግማሽ ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ደግሞ ዳይሬክቱም አያስፈልግም ነበር፤ በዚያ ዘመን በብዙዎቹ ኮሮላዎች ውሃው ሲሞቅ ፋኑን የሚያስነሳውን የሙቀት ስዊች ሶኬት ነቅለህ ቁልፍ ስትከፍት ፋኑ ከተነሳ፣ ሪሌዩና (ለፋኑ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው) የፋኑ ሞተር ደህና ናቸው፣ የሚቀየረው ስዊቹ ብቻ ነው።

ኤሌትሪሻኑ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም አስረዳሁት፤ ሶፍቱንም አሳየሁት። በትዕግሥት አዳመጠኝ።

«ወንድሜ፣» አለኝ፣ «ፋኑ ይዞር ነበር ወይስ አይዞርም ነበር?»