ያልተዘረጋው እጅ

ትናንት ማታ መብራት ሄዶ መጣ፤ እንቅልፌ ግን አብሮት ሄዶ በዚያው ቀረ። ብገላበጥ ብገላበጥ እምቢ ሲለኝ ተነስቼ ላፕቶፔን ከፈትኩና ከስንት ጊዜ ጀምሮ አየዋለሁ ስለው የኖርኩትን ሪንግ ኦፍ ኦነር የተባለውን የአሜሪካ የትግል ድርጅት የመጀመሪያ የሬስሊንግ ዝግጅት አየሁ። የካቲት 16 ቀን 1994 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 23፣ 2002። ቦታው ፊላደልፊያ፣ መርፊ ሪክሪዬሽን ሴንተር። ጥቂት መቶ ሰው ነው ያለው። ርችት የለ፣ ምን የለ።

በዚያ ዓመት እኔ ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ወንበር ላይ ከወንድሜ ጋር ተጣብቄ 50 ሳንቲም ከፍዬ ዘ ሮክን ነበር የማየው። ካሴቱ ስንቴ እንደተገለበጠ እግዜር ይወቀው፤ አንደርቴከር ሲገባ ከሰውየው ይልቅ ዝናቡ ነበር የሚታየን። የሚገርመው ይሄ የፊላደልፊያውም የካሴት ልጅ ነው። የጀመሩት የትግል ካሴት የሚቸረችሩ ሰዎች ናቸው። ኢሲደብሊው የተባለው የትግል ድርጅት በ2001 ሲዘጋ የሚሸጡት አለቀባቸው። ዳቦ የሚያመጣለት ሲጠፋ ራሱ መጋገር እንደሚጀምር ባለሱቅ፣ የራሳቸውን ትግል አዘጋጅተው እየቀረጹ መሸጥ ጀመሩ።

አጀማመሩ ደስ አይልም። ግብረ ሰዶማዊ ሆነው የሚተውኑ ሁለት ልጆች ይመጣሉ፣ ሁለት ግዙፎች ገብተው ይደበድቧቸዋል፣ ሕዝቡ ይስቃል፣ አለቀ። ያኔም ቢሆን የሚያስቅ አልነበረም። አሳልፌው ሄድኩ።

ከዚያ አሜዚንግ ሬድና ጄይ ብሪስኮ ገቡ። ሬድ የልጅ ቁመት ነው ያለው፤ አየር ላይ ሲገለባበጥ ግን አጥንት ያለው አይመስልም። ጄይ 18 ዓመቱን ከሞላ ገና አንድ ወሩ ነው። ወንድሙ ማርክ 17 ዓመቱ ስለነበር በፔንሲልቬንያ ሕግ እንዲታገል አልተፈቀደለትም። በኋላ ሁለቱ ወንድማማቾች የሪንግ ኦፍ ኦነርን የጥምር (የሁለት ለሁለት) ቀበቶ 13 ጊዜ ወሰዱ። ጄይ በጃንዋሪ 2023 በመኪና አደጋ ሞተ።

ኤዲ ጌሬሮም እዚያ ነበር፤ ከሱፐር ክሬዚ ጋር። ጠጥቶ ሲነዳ ተይዞ ከትልቁ የትግል ድርጅት፣ ዛሬ ደብሊውደብሊውኢ ከሚባለው፣ ከተባረረ ገና ሦስት ወር ገደማው ነው። ፊቱን ሳየው የሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ስር የቆመ ሰው መሰለኝ። ትግሉ ግን የጌታ ነው፤ አይቸኩልም፣ አይባክንም። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ብሮክ ሌስናርን ጥሎ የዓለም ቀበቶ ያዘ፤ በኖቬምበር 2005 አረፈ። ጄይም ኤዲም ሲሞቱ 38 ዓመታቸው ነበር። እኔ ሰኔ ላይ 38 እሞላለሁ። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁሜ ውሃ ጠጣሁ።

የመጨረሻው ግጥሚያ የሦስት ሰው ነው፤ ሎው ኪ፣ ክሪስቶፈር ዳንኤልስ፣ ብራያን ዳንኤልሰን። ዳንኤልሰን 20 ዓመቱ ነው፤ ከ12 ዓመት በኋላ ኒው ኦርሊየንስ ላይ ከ70 ሺህ ሰው በላይ ስሙን እየጠራ እንደሚጮህ ማን ይነግረው። ሎው ኪ ደረቱን በእርግጫ ሲለው ድምፁ እርጥብ ምንጣፍ በዱላ እንደመምታት ነው፤ የኔ የላፕቶፕ ድምፅ ማጉያ እንኳ ተንቀጠቀጠ። አሸናፊው ሎው ኪ ነው።

ግን የኔ ጉዳይ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የቤቱ ደንብ ተጋጣሚ ከተጋጣሚው ጋር እንዲጨባበጥ ነው። ዳንኤልሰን ተጨባበጠ። ዳንኤልስ ግን እጁን አልዘረጋም። ይኸው ነው፤ ወንበር አልወረወረ፣ ማንንም አልደበደበ። ሰላምታ ነፈገ። ሆዴ ጭብጥ አለ! በአንድ የቤተሰብ ለቅሶ ላይ አንድ ዘመዳችን የአባቴን እጅ አልፎ ከጎኑ ያለውን ሰው ሲጨብጥ አይቻለሁ። የአባቴ እጅ ትንሽ አየር ላይ ቆየችና ወደ ጋቢው ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ በቤታችን ሌላ ወሬ አልነበረም።

ወንድሜ ቪዲዮ ቤት እያለን ጀምሮ «ውሸት ነው፣ ሲወድቁ እንኳ ተነጋግረው ነው» እያለ ያቃጥለኝ ነበር። ተነጋግረው ነው፣ አዎ። ታዲያ እኔ በ37 ዓመቴ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ለማላውቀው ሰው የምናደደው ለምንድነው?

ወንድሜ አሁን ያለው ዳላስ ነው፤ እዚያ ገና ቀን ስለሆነ ያንን ቦታ ቆርጬ በቴሌግራም ላክሁለት። መጀመሪያ «አንተ አሁንም ውሸት ታያለህ?» አለኝና ሳቀብኝ። ሃያ ደቂቃ ቆይቶ ደግሞ ጻፈ፦

«ቆይ፣ በኋላ ግን ጨበጠው?»

አልመለስኩለትም። ራሱ ይየው።