ስብሰባው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው

ህንድ ውስጥ ፑኔ ከተማ ማስተርሴን ስማር ቤት የተጋራሁት ከሁለት ህንዳውያን ሴቶች ጋር ነበር። አንደኛዋ የማታ ፈረቃ ሠራተኛ ናት። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነጭ መኪና በራችን ላይ ይቆምና ሁለት ጊዜ ጥሩምባ ይነፋል። እሷም ምሳ ዕቃዋን አንጠልጥላ፣ በአንድ እጇ ፀጉሯን እየሰበሰበች ደረጃውን ትወርዳለች። ከሹፌሩ ጎን የደንብ ልብስ የለበሰ ጥበቃ አለ። ወረቀት ያስፈርማታል፣ ሰዓት ይጻፍበታል። ጠዋት ስትመለስም እንደዚሁ ነው። ጥበቃው በሩን ከፍታ እስክትገባ ድረስ ቆሞ ያያታል።

መጀመሪያ ሳየው ቀንቼባት ነበር። "ምን ዓይነት ደግ መሥሪያ ቤት ነው!" አልኳት። "ደግነት አይደለም" አለችኝ። በ2005 (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ባንጋሎር ውስጥ አንዲት የኮል ሴንተር ሠራተኛን የመሥሪያ ቤትሽ ሹፌር ነኝ ብሎ የመጣ ሰው አሳፍሮ ገደላት። በ2007 እዚያው ፑኔ ሌላ ልጅ ወደ ሥራ የሚወስዳት ሹፌርና ግብረ አበሩ ገደሏት። ጥበቃው፣ ፊርማው፣ "ሴት ብቻዋን መጨረሻ ላይ መኪና ውስጥ አትቀርም" የሚለው ደንብ፣ እነዚያ ልጆች ከሞቱ በኋላ የጠበቀ ነው።

አከራያችን ግን ጥበቃም ቢኖር፣ ፊርማም ቢኖር አልተዋጠላትም። ጎረቤት ያያል። ሴት ልጅ ማታ ወጥታ ጠዋት ስትገባ "ሎግ ክያ ካሄንጌ?" ትላለች። ሰው ምን ይላል ማለት ነው። ሂንዲ ብዙም አላውቅም ነበር፣ ይህችን ዓረፍተ ነገር ግን ማንም ሳይተረጉምልኝ ገባችኝ። "ሰው ምን ይለኛል" ስትባል ያደገች ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ብትሰማው ታውቀዋለች።

ይህን ሁሉ የማነሳው ሰሞኑን አንድ ሰው "ህንዶቹ ሴቶች እኮ ደረሱ፣ ዓለምን እየመሩ ነው" ሲል ስለሰማሁ ነው። እውነት አለው። ኢንድራ ኑዪ ማድራስ ተወልዳ ፔፕሲኮን ከ2006 እስከ 2018 መርታለች። ሊና ናየር ከኮልሃፑር ተነስታ ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ የፋሽን ኩባንያው የሻኔል ዋና ሥራ አስፈጻሚ ናት። ግን እኔ አብሬያቸው የኖርኳቸው ሁለቱ ልጆችም ህንዳውያን ሴቶች ናቸው። የእነሱ ታሪክ ለየት ይላል።

ለእነሱ የሥራው በር የተከፈተው በ1991 ነው። ህንድ የውጭ ምንዛሬዋ ተሟጦ ጭንቅ ውስጥ ገብታ ነበር። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ናራሲምሃ ራኦ ነበሩ። የገንዘብ ሚኒስትሩ ማንሞሃን ሲንግ ኩባንያ ሁሉ ከመንግሥት ማውጣት የነበረበትን የፈቃድ ሰንሰለት ፈቱት፣ የውጭ ኩባንያም ገባ። ከዚያ ሶፍትዌሩ፣ ኮል ሴንተሩ መጣ። አሁን ደግሞ የዓለም ትልልቅ ኩባንያዎች የራሳቸውን ማዕከል ባንጋሎርና ሃይደራባድ ላይ ይከፍታሉ። እንዲህ ዓይነቱ ማዕከል በ2024 ከ1,700 በላይ ደርሶ ነበር፣ 1.9 ሚሊዮን ገደማ ሰው ይሠራበታል። ዛሬ ስልክ ማንሳት ብቻ አይደለም፣ ምርት የሚነደፈውም እዚያ ነው። በዚህ ዘርፍ ከሦስት ሠራተኛ አንዷ ሴት ናት፣ እንዲያውም ትንሽ ይበልጣል።

ለምን እዚህ ዘርፍ? ዕድሜዋ ሃያ ምናምን የሆነች፣ እንግሊዝኛ የምትችል፣ ዲግሪ ያላት ልጅ እዚህ ለመቀጠር አጎት አያስፈልጋትም። ፈተናውን ካለፈች ትገባለች። ቢሮው ንጹሕ ነው፣ ኤሲ አለው፣ ስለዚህ አባትም ለዘመድ ሲናገር አያፍርም። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የማታ ሠራተኛዋ ጓደኛዬ በቤተሰቧ የራሷን የባንክ ካርድ የያዘች የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የወንድሟን የትምህርት ክፍያ የምትከፍለው እሷ ናት። የመጀመሪያ ደመወዟን ስትቀበል አባቷ ደውሎ ዝም ብሎ እንዳለቀሰ ነግራኛለች።

ደግ ነገሩ ይህ ነው። አሁን ወደ ሰዓቱ ልምጣ።

ኒውዮርክ ጠዋት 3 ሰዓት ሲሆን ህንድ ላይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ነው። አሜሪካኖቹ ኖቬምበር ላይ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ሲያዞሩ 1 ሰዓት ተኩል ይሆናል። አለቃው ካሊፎርኒያ ከሆነ ደግሞ ጠዋት ቡናውን ይዞ ሲቀመጥ ህንዶቹ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ተኩል ሞልቷል። ቀን ላይ የሚሠራው ሥራ ሥራ ነው። ማን ይደግ፣ የቱ ፕሮጀክት ለማን ይሰጥ፣ ማን ጎበዝ ነው የሚባለው ግን በዚያ የምሽት ጥሪ ላይ ነው። አለቆቹ ስምሽን የሚያውቁት፣ ድምፅሽን የሚለዩት እዚያ ነው።

ሁለተኛዋ የቤት ተጋሪዬ ኢንጂነር ናት። አሁን ሃይደራባድ ትኖራለች፣ አግብታለች፣ የአምስት ዓመት ሴት ልጅ አለቻት። ባለፈው ዓመት እንግድነት ሄጄ ሦስት ቀን እነሱ ጋ አደርኩ። ያንን የ12 ሰዓት ተኩል ስብሰባ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ላፕቶፑ ወጥ ቤት፣ ሩዝ ዕቃው ላይ ተደግፏል። ካሜራው ተዘግቷል። እሷ አንድ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ ሮቲ፣ የህንዶቹን ቂጣ፣ ትዳምጣለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንጀራ አንዴ ከተጋገረ ሁለት ሦስት ቀን ይበላል። ሮቲ ግን በየማዕዱ ነው፣ ትኩስ ካልሆነ ብዙ ቤት "ምግብ" አይባልም። ሊጡን ትቆርጫለሽ፣ ታከብቢያለሽ፣ ትዳምጫለሽ፣ ምጣድ ላይ ጣል፣ ገልበጥ፣ ከዚያ እሳቱ ላይ እንደ ፊኛ ሲነፋ አንስተሽ ቅቤ ቀብተሽ ተቀምጦ ለሚበላው ሰው ሳህን ላይ። ከዚያ ቀጣዩ። ሰዎቹ እየበሉ አንቺ እየጋገርሽ። ጋጋሪዋ የምትበላው መጨረሻ ላይ ነው። ባሏና አማቷ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጠዋል። ልጅቷ የሂሳብ ደብተሯን ይዛ ቀሚሷን ትጎትታለች። በማዳመጫው አንድ ሰው ስሟን ጠራ። ዱቄት በነካው ጣቷ የድምፁን ቁልፍ ከፍታ መልስ ሰጠች። አጭርና ትክክለኛ መልስ ነበር። መልሳ ዘጋችው። ሮቲው አንድ በኩል አርሮ ነበር፣ ያንን ለራሷ አስቀመጠችው።

ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። ልጁን ይወዳል፣ በሚስቱ ይኮራል። እሱም የዚያው ዓይነት ኩባንያ ሠራተኛ ነው፣ እሱም የምሽት ጥሪ አለው። የእሱ ጥሪ ሲመጣ ግን መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ይዘጋል፣ ማንም አያንኳኳም።

ይህ የአንድ ቤት ጉዳይ ቢሆን ዝም ባልኩ። የህንድ መንግሥት በ2019 ሰው ቀኑን በምን እንደሚያሳልፍ በመላ አገሪቱ አስጠንቶ ነበር። ለራሷ ቤተሰብ ያለ ክፍያ የቤት ውስጥ ሥራ የምትሠራ ሴት በቀን 299 ደቂቃ ታጠፋበታለች፣ ወንዱ 97። አምስት ሰዓትና አንድ ሰዓት ተኩል በሉት። እነዚያ አምስት ሰዓታት ከየት ይመጣሉ? ከእንቅልፍና ከምሽቱ ስብሰባ ነዋ።

ስለ ኢንድራ ኑዪ ብዙ ጊዜ የሚነገር ታሪክ አለ፣ ራሷ ናት የነገረችው። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ልትሆኚ ነው የተባለችበት ምሽት ወደ ቤት ገብታ ለእናቷ ልታበስር ስትል፣ እናቷ "መጀመሪያ ወተት ገዝተሽ ነይ" አሏት። ባሏ ቀድሞ ገብቷል፣ ግን ደክሞታል ተባለ። ወተቱን ገዝታ መጣች። እናቷም ያንን ዘውድሽን ጋራዥ ውስጥ ትተሽ ግቢ፣ እዚህ ቤት ሚስትና እናት ነሽ አሏት። ሰው ይህን ታሪክ ስለ ትሕትና ሲያወራበት እሰማለሁ። እኔ በፍጹም እንደዚያ አይሰማኝም። የሴትየዋ ቀን ምን ያህል ረጅም እንደነበር ነው የሚታየኝ። ለወንድ ፕሬዚዳንት ማንም ዘውድህን ጋራዥ ተው አይለውም።

ሕጉስ? ሕግ አለ። በ2013 የወጣው የኩባንያዎች ሕግ በአክሲዮን ገበያ የተመዘገበ ኩባንያ ሁሉ ቢያንስ አንዲት ሴት የቦርድ አባል ይኑረው አለ። ቀነ ገደቡ ሲደርስ ብዙ የቤተሰብ ኩባንያዎች ሚስት፣ ሴት ልጅ፣ እህት አስገቡና ነገሩን ጨረሱት። ከዚያ የአክሲዮን ገበያው ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ጠበቅ አደረገው፤ ከ2019 ጀምሮ ትልልቆቹ 500 ኩባንያዎች፣ በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ትልልቆቹ 1,000፣ ከባለቤቶቹ ጋር ያልተነካካች ገለልተኛ ሴት እንዲያስገቡ አዘዘ። ጥሩ እርምጃ ነው፣ አከብረዋለሁ። ግን ቦርድ ማለት ላይኛው ፎቅ ነው። ሴቶቹ የሚጠፉት መሃል ላይ ነው፣ ከ28 እስከ 38 ዓመታቸው ባለው ጊዜ።

የወሊድ ሕጉን ተመልከቱ። በ2017 ፈቃዱ ከ12 ሳምንት ወደ 26 ሳምንት ከፍ አለ። 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው መሥሪያ ቤት የሕፃናት ማቆያ ያዘጋጅ ተባለ። እናት የሆነ ሰው ሁሉ ያመሰግናል። ወጪው ግን ሙሉ በሙሉ በአሠሪው ላይ ነው የተጣለው። በግል መሥሪያ ቤት ለሚሠራ አባት ደግሞ በሕግ የታሰበ የወሊድ ፈቃድ የለም። ታዲያ አሠሪው ምን አሰበ? ሴት መቅጠር ውድ ነው። የማታ ሠራተኛዋ ጓደኛዬ ቀን ወደሚሠራ ቦታ ለመዛወር አንድ መሥሪያ ቤት ቃለ መጠይቅ ገብታ፣ ስለ ሥራው ሁለት ጥያቄ፣ ስለ ትዳር አምስት ጥያቄ ተጠየቀች። መቼ ታገቢያለሽ? እጮኛሽ የት ከተማ ነው? አማቶችሽ ምን ይላሉ? አልተቀጠረችም። በዚያው ዓመት አገባች። አማቶቿ የማታ ሥራ አይሆንም አሉ። ተወችው። የባንክ ካርዷ አሁንም አለ፣ ገንዘብ የሚያስገባበት ግን ባሏ ነው።

ይህን ሁሉ አልፈው ላይ የደረሱት እንዴት አለፉት? ኪራን ማዙምዳር ሾው አውስትራሊያ ሄዳ ቢራ ጠመቃ ተምራ፣ በ1975 ተመርቃ አገሯ ስትመለስ ጠማቂነት የወንድ ሥራ ነው ብለው መለሷት። (ጠላ የሚጠምቁት ሴቶች በሆኑበት አገር ላደግሁት ለእኔ ይህ በጣም ገርሞኛል።) በ1978 ባንጋሎር ጋራዥ ውስጥ በ10,000 ሩፒ ባዮኮን የተባለውን የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ ጀመረች። ያኔም እጇን የያዛት የውጭ ሰው ነው፤ አንድ የአየርላንድ ኩባንያ ህንድ ውስጥ ሸሪክ ይፈልግ ነበር፣ ሕጉ ለውጭ ሰው ከ30 በመቶ በላይ አይፈቅድም፣ ስለዚህ አብላጫው የእሷ ሆነ። የአገሯ ባንኮች ግን ለሴት ብድር አንሰጥም ብለው አንገላተዋታል። አሩንዳቲ ባታቻርያ ደግሞ በ1977 በውድድር ፈተና ባንክ ገባች። በ2013 መነሻው ከ200 ዓመት በላይ የሚዘልቀውን ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያን በሊቀመንበርነት የመራች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። እኔን የሚነካኝ ከዚያ በኋላ ያደረገችው ነው። ሴት ሠራተኞች ልጅ ወይም የታመመ ወላጅ ለመንከባከብ እስከ ሁለት ዓመት ወጥተው ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ፈቀደች። ሴቶች መሃል ላይ እንደሚጠፉ ታውቃለችና።

ብዙዎቹ ያለፉት ግን ከኋላቸው ሌላ ሴት ስላለች ነው። እናት፣ አማት፣ ወይም የቤት ሠራተኛ። ሃይደራባድ ጓደኛዬ ቤት ጠዋት 12 ሰዓት ላይ አንዲት ሴት መጥታ ዕቃ ታጥባለች፣ ወለል ትወለውላለች፣ ከዚያ ወደ ሌላ ቤት ትሄዳለች። የራሷ ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይጠብቃታል። 26 ሳምንቱ እሷን አያውቃትም። የዘር ሐረጉም ነገር አለ። በ2012 የወጣ አንድ ጥናት 1,000 ትልልቅ ኩባንያዎችን አይቶ ከቦርድ አባላቱ ከ90 በመቶ በላዩ የላይኛው ካስት፣ ማለትም በትውልድ የሚወረስ የማኅበረሰብ ደረጃ፣ ሰዎች ሆነው አግኝቷቸዋል። "የህንድ ሴቶች ደረሱ" ሲባል የትኞቹ ብዬ የምጠይቀው ለዚህ ነው።

ከሃይደራባድ ልመለስ ስል ጓደኛዬን አንድ ነገር ጠየቅኳት። "ያንን ስብሰባ ቀደም አድርጉልኝ ብለሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። ዝም አለች። ስምንት ዓመት ሙሉ አልጠየቀችም። ከጠየቅኩ ቤተሰብ አለባት፣ አትሆንም ይሉኛል ብላ ፈርታ ነው።

ከሁለት ወር በኋላ ጻፈችልኝ። የቡድን መሪ ሁኚ ተብላ፣ ቀድማ ሰዓቱን ጠየቀች። ኒውዮርክ ያለው አለቃዋ፣ ጠዋት ቀደም ብሎ የሚነሳ ሰው ነው፣ ያለምንም ክርክር ወደ 1 ሰዓት ተኩል አመጣላት። ህንድ ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ማለት ነው። አሁን ስብሰባውን ቢሮዋ ውስጥ ካሜራ ከፍታ ትመራለች። ሮቲው ግን አሁንም እሷን ይጠብቃል።

ኖቬምበር ላይ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ያዞራሉ። ያኔ ስብሰባው ወደ ምሽቱ 12 ሰዓት ይመጣል። እንደገና ልትጠይቅ ነው፤ ኢሜይሉን ከአሁኑ ጽፋ አስቀምጣዋለች።