ገነተ ልዑል
ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ 6 ኪሎ ግቢ ጉዳይ ነበረኝ፤ ሲያልቅ ገነተ ልዑል ውስጥ ወዳለው ሙዚየም ጎራ አልኩ። ይህ ቤት ያላየው የለም እኮ!

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መኖሪያቸው አድርገው ያሠሩት ቤተ መንግሥት ነው። ጣሊያን ሲገባ ግራዚያኒ ተቀመጠበት። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ድሆችን ሰብስቦ ምጽዋት ሲያሰጥ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ የወረወሩበት እዚሁ ነው። ከዚያ በኋላ በአዲስ አበባ ሕዝብ ላይ የወረደው እልቂት ይታወቃል።

ውጭ ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ፋሺስቶች በአገራቸው በጣሊያን በሥልጣን የቆዩበትን እያንዳንዱን ዓመት በአንድ እርከን እየቆጠሩ የሠሩት ነው። ከነጻነት በኋላ ማንም አላፈረሰውም፤ ጫፉ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት፣ በቃ። ለእኔ ከማፍረስ የበለጠ መልስ ነው።

በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የነዋይ ልጆች፣ የመንግሥቱና የገርማሜ፣ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲከሽፍ ራስ አበበ አረጋይን ጨምሮ ታግተው የነበሩ መኳንንትና ሚኒስትሮች በጥይት የተገደሉት በዚሁ ቤት ነው። በዓመቱ ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። ሐዘኑ ከብዷቸው ነው የሚል አለ፣ ፖለቲካ ነው የሚልም አለ። እኔ ሁለቱም ይመስለኛል።

አሁን ፎቁ ላይ የየብሔረሰቡ አኗኗር ከልደት እስከ ሞት በቅደም ተከተል ተደርድሯል። እዚያው የንጉሡ መኝታ ቤትና መታጠቢያ ክፍል እንዳለ ተጠብቋል። ልጆች ያላችሁ ይዛችኋቸው ሂዱ፤ ደረጃውን ግን መጀመሪያ አሳዩአቸው።