ሐዋሳ ሆኖ የውቅያኖስ ጉዞ ማቀድ

ሐዋሳ ቁጭ ብዬ የሕንድ ውቅያኖስ የምርምር ጉዞ አቅዳለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። የእንዲህ ዓይነት ጉዞ ከባዱ ሥራ የሚያልቀው መርከቡ ከወደብ ሳይነሳ ነው፤ ኤክሴል፣ ዙም፣ ካርታ፣ ጭቅጭቅ። መብራት ካልሄደ ከየትም ይሠራል። እኔ የሐይቅ ሰው ነኝ። ቡድኑ ውስጥ የገባሁት የጠርሙስ ሙከራውን እንዳግዝ ነው። ገና የመርከብ ጊዜ ለመጠየቅ ማመልከቻ እያዘጋጀን ስለሆነ ውጤት አትጠይቁኝ፤ የማወራው ስለ ዕቅዱ ብቻ ነው።

ጥያቄው ለገበሬ ልጅ ግልጽ ነው። ማሳው የጎደለው ዩሪያ ነው ወይስ ኤንፒኤስ? ውቅያኖስም ላይ ያው ነው። ፀሐዩ አለ፣ ውሃው ሞልቷል፣ ግን ላይኛው ውሃ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ ተሕዋስያን ናይትሮጅን ወይ ፎስፈረስ ወይ ብረት ያጥራቸውና ባሉበት ይቆማሉ። የቱ ነው ያጠራቸው? መልሱ እንደ ባሕሩ ይለያያል። ነገሩ ደግሞ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም፤ ምድር ላይ ከሚካሄደው ፎቶሲንተሲስ ግማሽ ያህሉ የእነሱ ሥራ ነው። በቁጥር አንደኛዋ ፕሮክሎሮኮከስ የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ እንኳ አትሞላም። የውቅያኖስ ተመራማሪዋ ሳሊ ቺዝሆልምና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ1988 ይፋ እስኪያደርጓት ድረስ ምን እንደሆነች የለየ አልነበረም። ይህን ያህል የበዛ ፍጥረት እስከዚያ ድረስ ሳይለይ መቆየቱ እስካሁን ይገርመኛል።

ሙከራው ሲወራ ቀላል ነው። ንጹሕ የባሕር ውሃ ትቀዳለህ፣ ጠርሙስ ውስጥ ትጨምራለህ፣ አንዱ ላይ ናይትሮጅን፣ አንዱ ላይ ፎስፈረስ፣ አንዱ ላይ ብረት ጠብ ታደርጋለህ፣ አንዱን ምንም ሳትነካ ትተዋለህ። ሁለት ቀን ያህል ጠብቀህ ክሎሮፊሉንና የሴሉን ቁጥር ትለካለህ። አሁን ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ምንም ያልተጨመረበት አንድ፣ ሦስቱ ለየብቻ፣ ሁለት ሁለቱ ተጣምረው ሦስት፣ ሦስቱም አብረው አንድ። ስምንት ዓይነት ማለት ነው። እያንዳንዱ በሦስት ድግግሞሽ ሲሆን 24 ጠርሙስ። ባለ አራት ሊትር ከሆነ 96 ሊትር ውሃ፣ ያውም አንዴ ብቻ ለመለካት። በመጀመሪያው ቀንም በሁለተኛውም ልለካ ካልክ እጥፍ ነው። ይህ ሁሉ ለአንድ ጣቢያ ብቻ ነው፤ መርከቡ ደግሞ ብዙ ጣቢያ ላይ ይቆማል።

ጠርሙሶቹ የሚቀመጡት መርከቡ ወለል ላይ ባለ ገንዳ ውስጥ ነው። ሙቀቱ እንዳይለወጥ የባሕር ውሃ በላያቸው ይፈሳል፣ ብርሃኑ ጥልቁን እንዲመስል በሰማያዊ ፕላስቲክ ይሸፈናሉ። ገንዳው የሚይዘው የተወሰነ ነው። ውሃው ጎህ ሳይቀድ ቢቀዳ ይመረጣል፤ ከጥልቅ የመጣ ሴል ድንገት የቀትር ፀሐይ ሲመታው ይጎዳል። ስለዚህ ዕቅዱ ውስጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማን እንደሚነሳም ይጻፋል። አልጋውም ቁጥር አለው፤ አንድ ኬሚስት ሲጨመር አንድ የማይክሮብ ሰው ይቀነሳል። የዲኤንኤ ሰዎች ደግሞ ከየጥልቀቱ አሥር አሥር ሊትር ይላሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፣ ውሃ ላይ ግን አይቻሉም።

ይህ ሁሉ ሲጠብ ሰው መጀመሪያ የሚቆርጠው ድግግሞሹን ነው። «ሁለት ሁለት ይበቃል፣ ጣቢያ እናብዛ» ይላሉ። ካርታው ላይ ነጥቡ ሲበዛ ማመልከቻው ያምራል እኮ። እኔ በዚህ አልስማማም። ሁለት ጠርሙስ ተለያይቶ ቢመጣ የቱን ታምናለህ? አንዱ ጠርሙስ ውስጥ አንድ ትልቅ በሊታ ገብቶ ሴሉን ሁሉ ግጦ ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ቆሽሾ ሊሆን ይችላል። ጣቢያ ቁረጡ፣ ድግግሞሽ አትንኩ። ስብሰባው ላይ ይህን ደጋግሜ ስለምል ሳልናገርም ይስቃሉ።

የቆሸሸ ስል ደግሞ ዋናው መከራ ብረት ነው። ሐይቃችን ላይ ስንሠራ ስለ ብረት ብክለት አስቤ አላውቅም። ባልዲ ባልዲ ነው። ክፍት ውቅያኖስ ላይ ግን የሟሟ ብረት በሊትር 0.1 ናኖሞል አካባቢ የሚሆንበት ቦታ ብዙ ነው። ምን ያህል እንደሆነ እንዲገባኝ በራሳችን ሐይቅ አሰላሁት። የሐዋሳ ሐይቅ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ አማካይ ጥልቀቱ 11 ሜትር ያህል፤ በጠቅላላው አንድ ኪዩቢክ ኪሎ ሜትር ገደማ ውሃ። ይህ ሁሉ ውሃ እንደ ውቅያኖሱ ቢሆን ውስጡ ያለው ብረት ተጠራቅሞ ስድስት ኪሎ አይሞላም። ከታቦር ተራራ እስከ ማዶ ድረስ፣ ስድስት ኪሎ!

መርከቡ ራሱ ብረት ነው እንግዲህ። ገመዱ ብረት፣ ቀለሙ ዝገት። ስለዚህ ውሃው በተራው መቅጃ በብረት ገመድ አይቀዳም። ወይ ኬቭላር ከሚባል ብረት ከሌለው ጠንካራ ክር በተሠራ ገመድ የሚወርድ የተለየ መቅጃ ይያዛል፣ ወይ «ዓሣ» የሚሉት ነገር ከመርከቡ ጎን ራቅ ብሎ ይጎተትና ውሃው በፕላስቲክ ቱቦ እየተሳበ በላስቲክ ወደተሠራ ንጹሕ ክፍል ይገባል። ጠርሙሶቹ ከጉዞው በፊት በአሲድ ለቀናት ይዘፈዘፋሉ። እዚህ ላይ የሚያቃጥለኝ ይህ እጥበት ማመልከቻ ውስጥ አንድ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። ሥራው ግን የአንድ ሰው ሳምንታት ነው። በጀት ውስጥ ካልገባ ደግሞ የሚሠራው ደሞዝ የሌለው ተማሪ ነው፣ ይኼ የትም አገር ያው ነው።

ብረትን እንዲህ ያስፈራው የውቅያኖስ ተመራማሪው የጆን ማርቲን ሐሳብ ነው። ናይትሬት (ደቂቅ ተሕዋስያኑ የሚጠቀሙበት ናይትሮጅን) ሞልቶ ሳለ ፋይቶፕላንክተን፣ ማለትም በፀሐይ ምግባቸውን የሚሠሩት እነዚያው ደቂቅ ተሕዋስያን፣ የማይበዛባቸው ባሕሮች የጎደላቸው ብረት ነው ብሎ ተከራከረ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። እሱ እ.ኤ.አ. በ1993 አረፈ፣ በዚያው ዓመት ባልደረቦቹ ከጋላፓጎስ ደሴቶች ደቡብ ወርደው 64 ካሬ ኪሎ ሜትር ባሕር ላይ ከ400 ኪሎ በላይ ብረት በተኑ። ከሐይቃችን ያነሰ ስፋት ነው። ፋይቶፕላንክተኑ መብዛት ጀመረ። ከዚያ በጥቂት ቀን ውስጥ ጨው ያነሰው ሌላ ውሃ መጥቶ በላዩ ተንሸራተተና ብረት የተጨመረበት ውሃ እንዳለ ወደ 30 ሜትር ገደማ ሰመጠ። ያን ያህል ዕቅድ! እ.ኤ.አ. በ1995 ተመልሰው ሲሄዱ ብረቱን በአንዴ ሳይሆን ከፋፍለው ጨመሩ፣ ባሕሩም አረንጓዴ ሆነ። ዕቅድ ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህንን ነው፤ ባሕሩ እንቢ ካለ ምን ታደርጋላችሁ? «አየሩን አይተን እንወስናለን» የሚል ዕቅድ ዕቅድ አይደለም።

ወደ እኛ ባሕር ልምጣ። ከሰኔ እስከ መስከረም፣ እኛ ክረምት በምንለው ጊዜ፣ የሶማሊያን ጠረፍ ተከትሎ ኃይለኛ ነፋስ ይነፍሳል። ነፋሱ ላይኛውን ውሃ ከጠረፉ ይገፋውና ከሥር ቀዝቃዛ፣ ንጥረ ነገር የሞላበት ውሃ ይወጣል። ለጥያቄያችን ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም። ለመርከብ ደግሞ ከዚህ የከፋ ጊዜ የለም። ማዕበሉ ሲበረታ መቅጃ ማውረድ ይከለከላል፣ ገንዳው ላይ ያሉት ጠርሙሶችም ይንገላታሉ። ሐይቃችን ዳር አሞራ ገደል ላይ ጀልባ የምንከራያቸው አዛውንት «ልጄ፣ ከሰዓት በፊት ጨርሱ፤ ነፋሱ ከተነሳ እኔ የለሁበትም» ይሉናል። የመርከብ ካፒቴንም ያው ነው የሚለው፣ በእንግሊዝኛ። የእኔ ድምፅ ለመስከረም ነው። ነፋሱ ሲላላ፣ ከሥር የወጣው ንጥረ ነገር ገና ሳይበላ።

በዚያ ላይ ፈቃድ አለ። አገሮች ከጠረፋቸው እስከ 200 የባሕር ማይል ድረስ ምርምር ላይ ሥልጣን አላቸው፤ የባሕር ሕጉ ስምምነት ደግሞ ጥያቄው ቢያንስ ከስድስት ወር በፊት ይግባ ይላል። አንድ አገር መልስ ካዘገየ የመርከቡ መስመር ይለወጣል። የባሕር ላይ ዘራፊዎች በበረከቱባቸው ዓመታት ለምርምር መርከብ ያ አካባቢ ዝግ ነበር ማለት ይቻላል፤ ከ2023 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ለማንም መርከብ ስጋት ሆነዋል። ስለዚህ ወደ ደቡብ የወረደ ሁለተኛ መስመር ከነጣቢያዎቹ ተዘጋጅቷል።

አሁን የተጋጨንበት ነገር ፎስፈረስ ነው። አንዷ የሥራ ባልደረባችን ፎስፈረስ ብቻውን የሚገባበትንና ፎስፈረስና ብረት የሚገባበትን ጠርሙስ እንሰርዝ አለች። እዚያ ባሕር ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ናይትሮጅን ወይም ብረት ነው ብለን ስለምንጠብቅ ስምንቱ ስድስት ይሆናሉ፣ በዚያው 24 ጠርሙስ አራት አራት ድግግሞሽ እናገኛለን። የእኔን ዜማ ነው የዘፈነችው፣ መስማማት ነበረብኝ። ችግሩ ናይትሮጅንን ከአየር ራሳቸው የሚያዘጋጁ እንደ ትሪኮዴስሚየም ያሉ ደቂቅ ተሕዋስያን መኖራቸው ነው። ለእነሱ ጥያቄው ፎስፈረስና ብረት ነው። በ2002 (እ.ኤ.አ.) ሜቴዎር የተባለችው የጀርመን መርከብ ምሥራቃዊ አትላንቲክ ላይ ባደረገችው ጉዞ የናይትሮጅን ዝግጅቱ የጨመረው ሁለቱ አብረው ሲገቡ ነው። እንሰርዝ የተባለው አንዱ ጠርሙስ ያ ነው። ስለዚህ ቅዳሜ ስብሰባ ላይ ፎስፈረስ ብቻውን ይውጣ፣ ፎስፈረስና ብረት ይቆይ፣ ሰባት ዓይነት በሦስት ድግግሞሽ ይሁን ልል ነው። ሦስት ጠርሙስ ይተርፋል፤ የዲኤንኤ ሰዎች ከወዲሁ ዓይናቸውን ጥለውበታል።